የቤተሰብ ብዛት

ጉርድ ሾላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሙሉነሽ ካሳዬ፣

እኔ አያቷ በሕይወት እያለሁ፣ የልጄን ልጅ «ዘመድ የላትም» ብለሽ ፈርመሽ ባሕር ማዶ ወስደሽብኛል። በደሉ ይህ ነው። ሰላምታ የሚቀድመው በደል በሌለበት ደብዳቤ ስለሆነ ወደ ኋላ አደረግሁት። አሁን እጠይቅሻለሁ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

እንደማታውቂ ሆነሽ እንዳትመልሽልኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ልጄ ብርሃነ በ1970 በምሥራቅ ጦር ግንባር ወደቀ። ሚስቱ መብራትን ስትወልድ ስለሞተች ልጅቷ ዐይኗን የገለጠችው በእኔ ቤት ነው። ያጠብኋት እኔ፣ ያበላኋት እኔ፣ በጠረብሁት ድንጋይ ላይ በኖራ እየጻፍሁ ፊደል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አምና ሚያዝያ የእሑድ ዘመቻ አልወጣም በማለቴ ቀበሌው አርባ ቀን አሰረኝ። እሑድ የምሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህን ስድስት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፣ ሰባተኛ አልነግራቸውም። ስታሰር ልጅቷን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ወርቅዬ አደራ ሰጠሁ።

አንቺ ያን ጊዜ የሞቱ ወታደሮች ልጆች በሚሰበሰቡበት ማዕከል አስተማሪ ነበርሽ። ወርቅዬ ቤት መጥተሽ «አጎቴ እስኪፈታ እኔ ልያዛት» አልሽ። እስኪፈታ። ወርቅዬ ቃሉን ደግማ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እየማለች።

በተፈታሁ ማግስት ወደ ማዕከሉ ሄድሁ። በረኛው ሽማግሌ ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «አባቴ፣ ወደ ኩባ የሚላኩት ልጆች እኮ ከትናንት በስቲያ ሄዱ» አለኝ። ከትናንት በስቲያ እኔ በቀበሌው ግቢ ለአጥራቸው ድንጋይ እየጠረብሁ ነበር። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነሥቶ በራሴ ላይ ሲያልፍ መዶሻዬን አስቀምጬ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ውስጡ ማን እንዳለ ሳላውቅ አየሁት።

አድራሻሽን ለማግኘት አራት ወር በየቢሮው ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ ፋይል ገልጦ «ዘመድ የላትም ይላል፤ የፈረመችው ሙሉነሽ ካሳዬ ናት» አለኝ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው የሚያነብልኝ።

ለምን ፈረምሽ? መቼ ትመልሻታለሽ? ለሁለቱም መልስ እፈልጋለሁ።

አጎትሽ ገረመው አብተው

*

ኩባ፣ ጥር 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአባባ ገረመው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኔም መብራትም በጣም ደህና ነን፤ የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ነው። ወይዘሮ ወርቅዬንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነበር። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

መብራትን ቢያዩዋት አይለይዋትም። ይዛው የመጣችው ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። ግማሹን ቀን ትማራለች፤ ግማሹን ከጓደኞቿ ጋር የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ትውላለች። በቀን ሦስት ጊዜ ትበላለች። ጥርሷን የሚያይላት ሐኪም አለ። ባሕሩን መጀመሪያ ያየች ቀን «ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የአባቷን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ትላለች። በወታደር ልብስ የተነሣውን፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን። እኔም ቢልኩላት ደስ ይለኛል፤ ሌሎቹ ልጆች ያባቶቻቸውን በየአልጋቸው ራስጌ ለጥፈዋል።

ስለጠየቁኝ ሌላው ነገር፣ ሁሉም የተደረገው ለልጅቷ ደኅንነት መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምንዎታለሁ። የቀረውን በወረቀት መጻፍ አይመችም።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ሙሉነሽ

አባባ፣ እዚህ ድንጋዩ ነጭ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አንተ ብታየው ትስቅበት ነበር። ፎቶውን አትርሳ። መብራት።

*

ጉርድ ሾላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለሙሉነሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። አብዮታዊ ሰላምታ ወደ እኔ ቤት አትላኪ፤ የሚቀበለው ሰው የለም።

ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ባሕርና ስለ ጥርስ ጻፍሽልኝ። መብላቷን ሰማሁ፤ ጥሩ ነው። በሬም ይበላል። እኔ የጠየቅሁት ምን ትበላለች ብዬ አይደለም።

ደብዳቤ የሚከፍተውም ሰው ይክፈት። ጽሕፈቴ ግልጽ ነው፤ አይቸገርም። ፊደል የተማርሁት በሰው መቃብር ላይ ስም እየቀረጽሁ ስለሆነ ሰው እንዳያነብበው አድርጌ መጻፍ አልችልበትም። እንዲያውም ይህን የምታነብ ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ልጅ ካለህ ነገሩ ይገባሃል።

ፎቶግራፉን አልልክም። ያለኝ አንድ ነው። እዚህ ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ቤቷ መጥታ ትየው።

ለድንጋዩ ነገር፣ ለመብራት ንገሪያት። የሚፈረፈር ድንጋይ ገና ያልበሰለ ድንጋይ ነው። በዝናብ እንጂ በመሮ አይሠራም።

ለምን ፈረምሽ?

ገረመው

*

ኩባ፣ ኅዳር 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአባባ ገረመው፣

እንደምን ከረሙ? ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክኩትም፤ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ ሀገር በሚመለስ የሥራ ባልደረባዬ እጅ ነው የላክኩት። ስለዚህ እርስዎ እንዳሉት በግልጽ እጽፋለሁ፤ ቢመርም ይስሙኝ።

አዎን፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ፊርማዬ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። ከፎርሙ ጋር ልጅቷ ከምትኖርበት ቀበሌ የመጣ ማስረጃ መያያዝ ነበረበት። ከቀበሌዎ የመጣው በ1970 ጥቅምት ቤት ለቤት የተሞላው የቤተሰብ መመዝገቢያ ቅጽ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የተሞላው፤ አንዱ ቀበሌ ቀርቷል፣ አንዱ ዛሬ እዚህ በመብራት ፋይል ውስጥ አለ። «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ፊት «አንድ» ይላል። «በቤቱ የሚኖሩ ልጆች» በሚለው ፊት «የለም» ይላል። ጽሕፈቱ የቀበሌው ጸሐፊ አይደለም። የእርስዎ ነው አባባ። እጅዎን አውቀዋለሁ፤ የእናቴን የመቃብር ድንጋይ የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ለምን እንደጻፉት እስከ ዛሬ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ምክንያቱን አላውቅም። የማውቀው ውጤቱን ነው። ልጅቷ የራሽን ካርዱ ላይ ስላልነበረች ለአንድ ሰው በሚሰጥ ጤፍና ዘይት ለሁለት ትኖሩ ነበር። ወይዘሮ ወርቅዬ ቤት የሄድኩ ቀን የእሷ ልጆች ይበሉ ነበር፤ መብራት ግን ሳትጠራ ማዕዱ አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ታያቸው ነበር። ወርቅዬ ክፉ ሆና አይደለም። እነሱም በአምስት ሰው ካርድ ስድስት ነበሩ። አንስቼ ሳቅፋት አጥንቷ ነው የቆረቆረኝ።

«እስኪፈታ» ያልኩት ከልቤ ነው። ነገር ግን በሳምንቱ ማዕከሉ ሊዘጋ ነው ተባለ። ወደ ኩባ የሚሄዱት ይሄዳሉ፤ የማይሄዱት ወደየቀበሌያቸው ይመለሳሉ። የእሷ ቀበሌ ደግሞ እንዲህ ያለች ልጅ አላውቅም የሚል ወረቀት ጽፏል። እርስዎ መቼ እንደሚፈቱ የሚነግረኝ አንድም ሰው አልነበረም። «የቅርብ ዘመድ አላት?» ሲሉኝ «አላት» ብል ትቀራለች። «የላትም» አልኩ። ከእርስዎ ቀጥዬ እኔ ነኝ የዋሸሁት።

አሁን ደግሞ አዲስ መመሪያ መጥቷል። በሕይወት ያለ ዘመድ እንዳላቸው ከቀበሌ ማስረጃ የሚመጣላቸው ልጆች በ1974 ታኅሣሥ ወደ ሀገር መመለስ ይችላሉ። ማስረጃው እስከ ጳጉሜን 1973 እዚህ መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ፣ ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት፣ እዚሁ ይቆያሉ። አባባ፣ እባክዎ ቀበሌ ሄደው ስሟን ያስገቡ።

መብራት አሁንም ፎቶግራፉን ትጠይቃለች።

ልጅዎ ሙሉነሽ

*

ጉርድ ሾላ፣ ጥር 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለሙሉነሽ፣

ጤናሽን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ በሰው እጅ ደረሰኝ፤ ሰውየውን ምሳ አብልቼ ሸኘሁት።

የጻፍሁት እኔ ነኝ። አልካድሁም፣ አልክድምም። የቀበሌው ጸሐፊ እሸቴ ብዕር ይዞ «እኔ ልሙላልዎ» ሲለኝ «የራሴን ለራሴ እጽፋለሁ» ብዬ ነጥቄ ጻፍሁ። ለምን እንደጻፍሁ ግን የእኔ ነገር ነው፤ ለአንቺም ለእሸቴም የምመልሰው አይደለም።

ዛሬ ቀበሌ ሄድሁ። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ አልሞከረም እንዳትይኝ።

ስገባ እሸቴ ከመዝገቡ ቀና አለ። «አባባ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ተጠርተው እንኳ የማይመጡት ሰውዬ!»

«ስም ላስገባ ነው የመጣሁት» አልሁት።

«የማን?»

«የልጄን ልጅ፣ የመብራትን።»

ስኳር ለመውሰድ የተሰለፉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ «እሰይ፣ አባባ ገረመው በስተርጅና ወለዱ!» አለች። ሌላዋ «ምነው፣ ገና ጉልበታም ናቸው፤ ድንጋይ የሚፈልጥ ክንድ እኮ ነው» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅሁም። እሸቴም አልሳቀ። ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

«አባባ፣ መብራትን እኔ አላውቃትም? ይኸው በዚህ በር እንጀራ ስትላክ ስንቴ ጉንጯን ቆንጥጬአታለሁ። ግን እኔ የማውቀውና መዝገቡ የሚያውቀው ለየብቻ ነው። መዝገቡ የለችም ይላል። በእጅዎ የጻፉት ነው።»

«እንግዲያው በእጄ ላርመዋ። ብዕሩን ስጠኝ።»

«አይታረምም። መጀመሪያ የሐሰት መረጃ ሰጥቻለሁ ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ እሑድ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ቆመው ግለ ሂስ ያደርጋሉ፤ ያነብቡታል። ሊቀመንበሩ ያጸድቃል። ያኔ ስሟ ይገባል።»

«ውሸታም ነኝ ብዬ በእጄ ልጽፍ?»

«እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎ ማንበብ ብቻ ነው።»

«እሸቴ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ በዚህ አገር ገረመው ዋሸ ያለ ሰው የለም። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።» ይህን ብዬ ወጣሁ።

ከኋላዬ «አባባ፣ ለልጅቷ ብለው!» ሲል ሰማሁት። አልዞርሁም።

ሌላ መንገድ ካለ ፈልጊ። የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር አመጣለሁ። ጎረቤት በሙሉ ይመሰክራል። ያን ወረቀት ግን አላነብም።

ገረመው

*

ኩባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአባባ ገረመው፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አልሆነልኝም።

የክርስትና ምስክር አይቀበሉም፤ ጠይቄአለሁ። ጎረቤትም አይቀበሉም። ቀበሌ ብቻ ነው።

አሁን የምጽፍልዎ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር ፋይሎቹን ወደ አዲስ ቁም ሣጥን ስናዛውር መብራት ልትረዳኝ መጣች። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ስመለስ ፋይሏን ከፍታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ጣቷን «የለም» የሚለው ቃል ላይ አድርጋለች።

«አባባ ነው የጻፈው» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«የ‹ለ›ን እግር እንደ መሮ አሹሎ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው። እኔንም እንደዚያ አስተምሮኛል፤ እዚህ እስክብሪቶው ወረቀት ቀዶብኝ ነው የተውኩት።» ከዚያ «ያን ቀን እኮ በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለች። «አይቶኛል። አይቶኝ ነው የጻፈው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶግራፉን ጠይቃኝ አታውቅም። ለጓደኞቿ ማንም የለኝም ብላቸዋለች። በወሩ መጨረሻ ልጆቹ ቁጭ ብለው ለየቤታቸው ሲጽፉ እሷ የሌሎቹን እርሳስ ትቀርጻለች። ለምን አትጽፊም ስላት «ለማን?» አለችኝ።

አባባ፣ ስለ መመለሷ ብቻ አይደለም አሁን የምለምንዎ። በቀበሌ መዝገብ ያለውን ማረም ባይፈልጉ እንኳ ለእሷ ለምን እንደጻፉት ይንገሯት። እኔ ልነግራት አልችልም፤ አላውቀውምና። ጳጉሜን እየቀረበ ነው።

ሙሉነሽ

*

ጉርድ ሾላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለሙሉነሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ ጋር ያለውን ለመብራት ስጫት። አታንብቢላት፤ ማንበብ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

የቀበሌው ማስረጃ ማኅተሙ ተረግጦበት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። እሑድ ሰኔ 7 ቀን በስብሰባው ላይ ቆሜ አነበብሁ። ወረቀቱን እሸቴ ነው የጻፈው። ሁለት ቦታ ፊደል አሳስቶ ነበር፤ አላረምሁትም። ማን እንደሳቀ፣ ማን ዐይኑን ወደ መሬት እንደሰበረ አልጽፍልሽም። ካነበብሁ በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ እሸቴ መዝገቡንና ብዕሩን እስካለሁበት ይዞልኝ መጣ። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ሌላውን ወደ ጠረጴዛ ነው የሚጠራው።

ማስረጃው እንድትመጣ መብት ይሰጣታል እንጂ አያስገድዳትም። እዚያ ልቆይ ካለች ምርጫው የራሷ ነው፤ አንቺም አታስገድጃት፣ እኔም አላስገድዳትም።

ገረመው

ለመብራት ብርሃነ፣

ልጄ፣ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ሰው ምክንያቴን ሲጠይቀኝ አልወድም፤ ታውቂኛለሽ። አንቺ ግን መጠየቅ ይገባሻል፤ በሩ ላይ ቆመሽ ነበርና።

በጣልያን ጊዜ፣ አያትሽን አግብቼ ሦስት ልጆች ወልጄ፣ በደብረ ብርሃን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እጠርብ ነበር። አንድ ጸሐፊ ከአስተርጓሚ ጋር ዱቄት ሊያድል ከጎጆ ጎጆ እየዞረ ልጅ ይቆጥር ነበር። አያትሽ ነጠላዬን ጎትታ «ቁጥር አትንገራቸው፤ የፈጣሪ ናቸው በላቸው» አለችኝ። የአገራችን ሰው ልጁን በቁጥር እንደማይጠራ እኔም አውቅ ነበር። ዱቄቱ ግን በየሰው ራስ ነበር የሚሰፈረው። ጎመጀሁና «ሦስት» አልሁ። ጻፉኝ። ዱቄቱንም ተሸክሜ ገባሁ። በዚያው ክረምት ፈንጣጣ ገባ። ዱቄቱ ሳያልቅ ሦስቱንም ቀበርሁ።

በቁጥሩ ነው የሞቱት አልልሽም። የዚያ ክረምት ፈንጣጣ ያልተቆጠረውንም ገድሏል። ነገር ግን አያትሽ እስክትሞት ድረስ ያን ዱቄት የሰፈሩበትን ከረጢት አላጠበችውም፣ አልጣለችውም። አባትሽ ብርሃነ ሲወለድ ስንት ልጅ አላችሁ ለሚለን ሁሉ «ፈጣሪ ያውቃል» እያልን አሳደግነው።

እሸቴ መዝገቡን ይዞ በመጣ ቀን አባትሽ ጦር ግንባር ነበር። ደብዳቤ ከመጣልን ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አውራ ጣትሽን ትጠቢ ነበር፤ ለዚያ ዕድሜሽ አልፎ ነበር፣ አልተቆጣሁሽም። አየሁሽ። አየሁሽና «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ልክድሽ አይደለም፤ ልሸሽግሽ ነው። በወረቀት ላይ ከሌለሽ ማንም ክፉ አያገኝሽም አልሁ። ወረቀት ላይ የሌለ ልጅ እንደማይበላና ጠያቂ እንደሌለው ሆኖ እንደሚወሰድ አላሰብሁም። ያን ማሰብ ነበረብኝ።

አሁን ካርዱ እጄ ላይ ነው። «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ፊት «ሁለት» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ስጽፈው ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀርቶብኝ እሸቴ ቀለም ያለቀ መስሎት ሌላ ብዕር አመጣልኝ።

ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ። በእጅሽ ላብ እንዳይበላሽ።

ሁለት ብዬ ከጻፍሁ ወዲህ ስለ ጤናሽ አስባለሁ። ሌላ ነገር ባትጽፊልኝም ጤናሽን ጻፊልኝ።

አያትሽ ገረመው

*

ኩባ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአባባ ገረመው፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ማስረጃው ነሐሴ 28 ደረሰ፤ መዝገቡ ሊዘጋ ሰባት ቀን ሲቀረው። መብራት ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። ታኅሣሥ 11 ቀን ቦሌ ትደርሳለች። እዚያው ትቅር ወይስ ትምህርቷን ልትጨርስ ትመለስ፣ ካየችዎ በኋላ እወስናለሁ ብላለች። ከእርስዎ የወረሰችው ግትርነት ስለሆነ አልተከራከርኳትም።

እኔ እዚሁ እቆያለሁ። ይቅርታዎን አልጠይቅም፤ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ። እርስዎን ለማየት ስለበቃች ግን ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሙሉነሽ

አባባ፣

ሁለት ብለህ ከጻፍህ አራት ወር ሆነው። አልሞትሁም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ እሱም ሳትጽፍ በፊት ነው። ሚዛን ላይ ወጥቼ አርባ አንድ ኪሎ ሆኛለሁ፤ ሐኪሙን ጠይቀህ አረጋግጥ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ስፓኒሽ አትችልም።

ፎቶውን ራስጌዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አባቴ አንተን ይመስላል፤ ግን ይስቃል።

ያን ቀን የቀበሌው ሰውዬ የጻፍኸውን ጮክ ብሎ ሲያነብብ ሰምቼ ነበር። ለወርቅዬ ልጆች አልነገርኋቸውም። ለማንም አልነገርሁም። የለም ያለኝ ስላጠፋሁ ነው ብዬ ፊደል የምትጽፍበትን ኖራህን በጨዋታ መደበቅ ትቼ ነበር፤ አስተውለህ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሦስቱ ልጆች ስማቸው ማን ነበር? ለሰው ሁሉ ስትቀርጽ ኖረህ ለእነሱ ለምን አልቀረጽህም?

መብራት

*

ጉርድ ሾላ፣ ኅዳር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለሙሉነሽ፣

በደልሽን ይቅር አላልሁም። አርባ አንድ ኪሎ መሆኗንም አልረሳሁም። ሁለቱም እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። ስትመጪ ግን ቤቱ ቤትሽ ነው።

ለመብራት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጉንፋኑ መዳኑን ጽፈሽ አልነበረም፤ ድኗል ብዬ ወስጃለሁ።

ኖራው ሲጠፋ እንደነበረ አውቅ ነበር። ሲቀርም አውቄአለሁ። ለምን እንደቀረ ግን አልጠየቅሁሽም። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ወይዘሮ ወርቅዬ ታኅሣሥ 11 ቀን አብሬህ ቦሌ እሄዳለሁ ብላለች። እሸቴም መኪና እለምናለሁ ይላል። በእግሬ እሄዳለሁ ብዬዋለሁ፤ አልሰማኝም።

ስለ ሦስቱ ጠይቀሻል። ስም ነበራቸው። በአፌ አልነግርሽም፤ አርባ ዓመት አልጠራኋቸውምና አፌ አይችለውም። ድንጋይ ከምፈልጥበት ጉድጓድ ጥሩ ጥቁር ድንጋይ አውጥቼ ሦስቱን ስም ቀርጬበት በራፉ ላይ፣ አንቺ ያን ቀን የቆምሽበት ቦታ፣ አቁሜዋለሁ። ስትገቢ ታነብቢዋለሽ። በልብሽ አንብቢው።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ለአንቺም፣ ለሙሉነሽም፣ ለቀበሌውም አንድ ቃል አልናገርም። አትጠይቁኝ።

ገረመው አብተው